ለሽርሽር ያልተጠረገ መንገድ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 1907 ሁለት ሰዎች ታልቦት በምትባል መኪና ከአደሌይድ ከተማ ተነሥተው ወደ ሰሜን ነዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው ሃሪ ደተን በበግ እርባታ ከበለጸገ ቤተሰብ የተወለደ፣ ገንዘብም ጊዜም ያልቸገረው ወጣት ነበር። ሁለተኛው፣ መሪ ኦንገር የተባለው፣ በብስክሌት ሥራ ጀምሮ ወደ ሞተር የዞረ መካኒክ ነው። ሐሳባቸው አውስትራሊያን ከደቡብ ጠረፍ እስከ ሰሜን ጠረፍ፣ እስከ ዳርዊን ወደብ ድረስ፣ በመኪና ማቋረጥ ነበር። የሚያደርሱት ዕቃ የላቸውም፤ እዚያ የሚጠብቃቸው ዘመድም የለም። ይቻል እንደሆነ እንየው ብለው ነው የወጡት።

አውስትራሊያ የኢትዮጵያን ሰባት እጥፍ ያህል ትሰፋለች። በዚያ ዘመን በመሐሏ የሚያልፍ የመኪና መንገድ አልነበረም፤ የነበረው የቴሌግራፍ ሽቦ ነው። ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት የተባለ አሳሽ በ1862 አህጉሩን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ ነበር። በ1872 ደግሞ የእርሱን ፈለግ ተከትሎ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የቴሌግራፍ መስመር ተዘረጋ። ስቱዋርት በበኩሉ የተከተለው ውኃ ያለበትን ነው። ውኃው ደግሞ ባለቤት ነበረው። የአቦርጂናል ሕዝቦች የትኛው ጉድጓድ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ ከአንዱ ምንጭ ወደ ቀጣዩ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ለልጆቻቸው ሲያስተምሩ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ኖረዋል። አሳሹ ውኃቸውን ተከተለ፣ ሽቦው አሳሹን፣ መኪናይቱም ሽቦውን።

ደተንና ኦንገር ብዙ ርቀው ሄዱ። ያሸነፋቸው ጊዜው ነው። በሰሜኑ ክረምት የሚገባው በዲሴምበር ነውና ዝናቡ መጣ፤ ቴናንት ክሪክ ከምትባለው የቴሌግራፍ ጣቢያ በስተደቡብ የመኪናይቱ ፒኞን የተባለ ማርሽ ተሰበረ። ጥለዋት በፈረስ ተመለሱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ነገሩን ይተወው ነበር። ደተን ግን ሌላ፣ ጉልበቷ የሚበልጥ ታልቦት ገዛና በ1908 ጁን 30 ቀን እንደገና ተነሣ፤ በዚህኛው ጊዜ ዝናቡ ካለቀ በኋላ። አሊስ ስፕሪንግስ ላይ ኧርነስት ኦልቸርች የተባለ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሦስተኛ ሆኖ ተሳፈረ። ሰባት ወር ያህል በዱር የቆመችውን መኪና አገኟት፤ ጠገኗት፤ ሞተሯም ተነሣ። በሁለት መኪና ቀጥለው የቆየችዋን ፓይን ክሪክ ላይ በባቡር ጭነው ላኩና በአዲሲቱ ኦገስት 20 ቀን ዳርዊን ገቡ።

ይህ ጉዞ በአህጉሩ መሐል የመጀመሪያው የመኪና ሽርሽር ነው ቢባል አልቃወምም። ግን የዚያ አገር ስንቅና ጭነት በአብዛኛው የሚጓጓዘው በግመል ነበር። ግመል ነጂዎቹ በአብዛኛው ከዛሬዎቹ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን የመጡ እስላሞች ናቸው፤ አውስትራሊያውያን ዘራቸውን ሳይለዩ በጅምላ «አፍጋን» ይሏቸው ነበር። የቴሌግራፉ ምሰሶ፣ የጣቢያዎቹ ዱቄትና ስኳር፣ የባቡር ሐዲዱ ብረት በእነርሱ ግመሎች ጀርባ አልፏል። የመኪናዎቹ ስም ሳይቀር በታሪክ ተመዝግቧል፤ የግመል ነጂዎቹ ስም ግን አብዛኛው ጠፍቷል።

በዚያው በ1908 በምዕራብ አውስትራሊያ ሌላ መስመር ሥራው ተጀመረ። አልፍሬድ ካኒንግ የተባለ ቀያሽ ኪምበርሊ ከተባለው የሰሜን አካባቢ ከብቶችን በበረሃ ወደ ደቡብ ማውረጃ መንገድ እንዲያወጣ ታዝዞ፣ በ1906 ተነሥቶ 1,850 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መሬት ቀይሶ ነበር። በየአንድ ቀን ጉዞው አንድ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ውኃውን ለማግኘት ካኒንግ የተጠቀመበት ዘዴ ቀላልና ጨካኝ ነው፦ የአገሩን ሰዎች በሰንሰለት አስሮ ሲጠማቸው ወደ ውኃቸው እንዲመሩት ማድረግ። የገዛ ወጥ ቤቱ ነው ከሶ ያጋለጠው። በ1908 አጣሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ጉዳዩን መረመረና ካኒንግን ነጻ አወጣው። ካኒንግ ተመልሶ እስከ 1910 ድረስ ሃምሳ ያህል ጉድጓዶቹን ቆፈረ። ከብት ነጂዎች ግን መስመሩን ብዙም አልተጠቀሙበትም። ዛሬ በዓለም ከታወቁት የመኪና ካምፒንግ መስመሮች አንዱ ይኸው የካኒንግ የከብት መንገድ ነው፤ ተጓዦች ድንኳናቸውን የሚተክሉት በቁጥር በተሰየሙት ጉድጓዶቹ አጠገብ ነው።

ከዚያ በኋላ የመኪና ጀብደኞች ዘመን መጣ። በ1912 ፍራንሲስ በርትልስ ከአንድ ባልደረባውና ሬክስ ከተባለ ውሻው ጋር በአንዲት ባለ አንድ ሲሊንደር መኪና ከፍሪማንትል ሲድኒ በ28 ቀን ገባ። በርትልስ ከዚያ በፊት አህጉሩን በብስክሌት ደጋግሞ ያቋረጠ ሰው ነው። በ1927 ደግሞ ከለንደን ተነሥቶ ዘጠኝ ወር ነድቶ ሜልበርን ደረሰ። በ1925 ኔቪል ዌስትዉድ የተባለ የአድቬንቲስት ወንጌላዊ ከፐርዝ በትንሽ ሲትሮየን ተነሥቶ አውስትራሊያን ዙሪያዋን ዞራት፤ በኦገስት መጀመሪያ ወጥቶ በዲሴምበር መጨረሻ ተመለሰ። በመኪና አገሩን የዞረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። የእርሱም የበርትልስም መኪናዎች ዛሬ በካንቤራው ብሔራዊ ሙዚየም ይታያሉ። ያኔ ካምፒንግ ማለት መሽቶ መኪናው ከቆመበት ቦታ መተኛት ነው።

በ1920ዎቹ የጭነት መኪና ግመሉን ከገበያ አስወጣው። ነጂዎቹ ግመሎቻቸውን ግደሉ ሲባሉ ብዙዎቹ እጃቸው አልታዘዘምና ለቀቋቸው። ዛሬ በአውስትራሊያ በረሃ የሚንጋጋው የዱር ግመል የእነዚያ ዘር ነው።

ከጭነት መኪና ሹፌሮች ሁሉ ስሙ የቀረ አንድ ሰው አለ፦ ቶም ክሩዝ። በ1936 የፖስታ ኮንትራት መኪና መንዳት ሲጀምር ዕድሜው ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ነበር። መስመሩ ከማሪ እስከ በርድስቪል 517 ኪሎ ሜትር ነው። ማሪ የግመል ነጂዎች ከተማ ነበረች፤ በርድስቪል ደግሞ በኩዊንስላንድ ጠረፍ ያለች፣ አንድ ሆቴልና ጥቂት ቤቶች የያዘች መንደር። በሁለቱ መካከል የከብት እርባታ ጣቢያዎች በሩቅ በሩቅ ተዘርተዋል። ክሩዝ በየሁለት ሳምንቱ ደብዳቤውን፣ ዱቄቱን፣ የቤንዚን በርሜሉን፣ መለዋወጫውን፣ አንዳንዴም መንገደኛውን በሌይላንድ ባጀር መኪናው ላይ ከምሮ ይወጣል። መንገዱ ላይ የአሸዋ ኮረብታ ሲገጥመው ሁለት ረጃጅም የብረት ሳህኖች ያወርድና ከጎማው ፊት ያነጥፋል፤ መኪናው በሳህኖቹ ላይ ጥቂት ሜትር ይወጣል፤ ከኋላ አንሥቶ እንደገና ከፊት ያነጥፋል። እንዲህ እያለ ከጫፉ ይደርሳል። ሞተሩ በመንገድ ቢፈታ እዚያው አውርዶ እዚያው ይጠግናል፤ የሚጠራው ጋራዥ የለምና። በ1949 የኩፐር ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ሲቆርጠው ጭነቱን በጀልባ እያሻገረ ፖስታውን አላቋረጠም።

በዚህ መሐል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ጃፓን ዳርዊንን በአውሮፕላን ደበደበች። በባሕር የሚመጣ ስንቅ የማያስተማምን ሲሆን ሠራዊቱ የየብስ መንገድ ፈለገ፤ ከአሊስ ስፕሪንግስ እስከ ዳርዊን ያለው የቴሌግራፍ ዳር ፒስታ በጦርነቱ ዓመታት አስፋልት ለበሰ። በደቡብም የነላቦርን ሜዳ የሚያቋርጠው የኤይር መንገድ በ1941 እና 1942 በጥድፊያ ተጠረገ። ደተንና ኦንገር በወራት የተፋለሙትን መሬት የወታደር መኪና በቀናት ውስጥ ያልፈው ጀመር።

ጦርነቱ ሲያበቃ አውስትራሊያዊው ደመወዝተኛ መኪና ገዛ። በ1948 ሆልደን የተባለችው የአገር ውስጥ መኪና ወጣች፤ በዚያው ዓመት እንግሊዞች ላንድሮቨርን ሠሩ። በ1953 ሬዴክስ የተባለ የሞተር ዘይት ማሻሻያ ኩባንያ ባዘጋጀው የመኪና ፈተና ተራ ሰዎች ተራ የቤት መኪናቸውን ይዘው ከሲድኒ ተነሥተው ወደ ሰሜን፣ ወደ ዳርዊን፣ በበረሃው መሐል ወደ ደቡብ ዞረው ሲድኒ ተመለሱ፤ 10,500 ኪሎ ሜትር ያህል። ኬን ተብማን በፔጆ 203 አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት መንገዱ ረዘመ፤ ያሸነፈውም ጃክ መሪ በአሮጌ ፎርድ ነው። ይህ ሰው በየደረሰበት ለጨዋታ ፈንጂ የማፈንዳት ልማድ ስለነበረው «ጀሊግናይት ጃክ» ተባለ። ሕዝቡ በየመንገዱ ዳር ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ተመለከተ። ስንት አባወራ ማታ ቤቱ ገብቶ «የእኛዋም እኮ ትችላለች» እንዳለ መገመት ይቻላል። በዚያው በ1954 ጆን ሄየር ለሼል ኩባንያ የሠራው «ዘ ባክ ኦቭ ቢዮንድ» የተባለ ፊልም ቶም ክሩዝን ከነመኪናው፣ ከነብረት ሳህኖቹ አሳየ፤ በቬኒስ ፌስቲቫልም ታላቁን ሽልማት ወሰደ። የበርድስቪል ፖስተኛ በአንድ ጊዜ የአገር ጀግና ሆነ።

በዚያን ጊዜ ሰው የማያየው ሥራ ደግሞ በምዕራቡ በረሃ እየተሠራ ነበር። የእንግሊዝና የአውስትራሊያ መንግሥታት የሮኬት መሞከሪያ የሚሆን ሰፊ ቦታ ሲፈልጉ ለቅየሳው የተመረጠው ሌን ቢደል ነው። በ1923 የተወለደ፣ በጦርነቱ በቀያሽነት ያገለገለ፣ ሳቅና ጨዋታ የሚወድ ሰው። በ1946 ዉመራ የተባለውን የሮኬት ሜዳ መቀየስ ጀመረ። ቀጥሎ ለእንግሊዝ የአቶም ቦንብ የሚሆን ኢሙ የተባለውን ሥፍራ መረጠ፤ በኦክቶበር 1953 ሁለት ቦንቦች እዚያ ፈነዱ። ከዚያ ማራሊንጋን መረጠ፤ በ1956 እና 1957 ሰባት ፈነዱበት። ሮኬቱ ከዉመራ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲተኮስ የሚያልፍበትን በረሃ ለመቃኘት፣ የወደቀውን ለመፈለግ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ለመለካት መንገድ አስፈለገ። በ1956 ጋይልስ የተባለ የአየር ጠባይ ጣቢያ በበረሃው መሐል የተተከለው የቦንቡ አቧራ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ለማወቅ ነው።

ቢደል በ1955 አንድ እፍኝ የማይሞሉ ሰዎችን ይዞ ሥራ ጀመረ፦ የቡልዶዘር ሹፌር፣ የግሬደር ሹፌር፣ መካኒክ፣ ወጥ ቤት፣ ነዳጅና ውኃ አመላላሽ። አሠራሩን በዝርዝር መናገር ተገቢ ነው፤ እርሱ ካለፈ በኋላ የሚነዳ ሁሉ መንገዱ ለምን እንዲያ እንደ ሆነ የሚረዳው በዚህ ነውና። ሌሊት ቴዎዶላይት የተባለውን የቅየሳ መሣሪያ ተክሎ ከዋክብትን ያያል፤ ያለበትን ቦታ በሒሳብ ያወጣል። ጠዋት ላንድሮቨሩን ነድቶ ቁጥቋጦውን እየጣሰ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ይቀድማል። ቆሞ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን ወደ ኋላ ያንጸባርቃል። የቡልዶዘሩ ሹፌር ብልጭታውን ባየበት በኩል አቅጣጫውን አስተካክሎ ዛፉንም ሣሩንም እየገፋ ይመጣል። ግሬደሩ ከኋላ ተከትሎ ያስተካክላል። ከብልጭታ ወደ ብልጭታ የሚሄድ መንገድ ቀጥ ማለቱ አይቀርም፤ ሠራተኞቹም በቀልድ «የጠመንጃ አፈሙዝ (በእንግሊዝኛው ጋንባረል) ግንባታ ኩባንያ» ብለው ራሳቸውን ሰየሙ። የመጀመሪያው ታላቅ መንገድ ጋንባረል የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1958 ካርኔጊ ከተባለው የከብት እርባታ ጣቢያ ሲደርስ ርዝመቱ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ደርሶ መመለስ ያህል ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ በመካከሉ ግን አንድ ከተማ የለም።

ጎማ የሚበሳው፣ ሙልጋ የተባለው ቁጥቋጦ ጉቶ የዕለት እንጀራቸው ነበር። ሌን በመጋጠሚያዎቹ ላይ የአሉሚኒየም ሳህን በምሰሶ ወይም በዛፍ ላይ ይመታል፤ ኬንትሮስና ኬክሮሱን፣ ርቀቱን፣ ቀኑን በመዶሻ ፊደል በፊደል እየቀጠቀጠ። የባልደረቦቹን የታመመ ጥርስ የሚነቅለውም እርሱ ነው። ትራኮማ ይዞት በሥቃይ የሠራውን መንገድ በዓይን በሽታው ስም ሳንዲ ብላይት ብሎ ጠራው። ከኩበር ፒዲ ወደ ላቨርተን የሚሄደው በሚስቱ ስም አን ቢደል ተባለ። በ1962 አንን ከጥቂት ወራት ሕፃን ልጃቸው ጋር ወደ በረሃው ወሰዳቸው፤ ከዋርበርተን ወደ ደቡብ የወጣው መንገድ በሕፃኗ ስም ኮኒ ሱ ተባለ። ወንድ ልጁ ጋሪም ሌላ መንገድ አገኘ፤ ጃኪ የተባለችውም ልጁ አንድ መጋጠሚያ ደረሳት። በ1963 መጨረሻ ሥራው ሲያበቃ እርሱና ጥቂት ሰዎቹ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ጠርገዋል።

ቢደል በኋላ የጻፋቸው መጻሕፍት የካምፕ ሳቅና የመኪና ብልሽት የሞላባቸው ናቸው። አውስትራሊያውያን እጅግ ይወዷቸዋል፤ ባይወዷቸው ይገርመኝ ነበር። ግን መንገዱ የተጠረገው ባዶ መሬት ላይ አልነበረም፤ የፒጃንጃጃራ፣ የንጋንያጃራ፣ የማርዱ ሰዎች አገር ነው። መንግሥት ለዚያ ሁሉ ሰፊ በረሃ መጀመሪያ የሾመው የነባሮቹ ጉዳይ ጠባቂ ዋልተር ማክዱጋል የተባለ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እርሱም የጋይልስን ጣቢያ መተከል አጥብቆ ተቃውሟል፤ ሰሚ አላገኘም። በማራሊንጋ ዙሪያ የነበሩት ሰዎች ወደ ደቡብ፣ ወደ ያላታ ተወሰዱ። በ1957 ከልጆቹ ጋር በእግሩ ሲጓዝ የነበረ አንድ ቤተሰብ ቦንብ በቆፈረው ጉድጓድ አጠገብ ሰፍሮ ተገኘ። ማንም አልነገራቸውም።

በዚያው በ1962፣ ሌን ሕፃኗን ይዞ ሲዞር፣ ሌላ ቤተሰብ ወደ ምሥራቅ ርቆ የሲምፕሰንን በረሃ ለማቋረጥ ተነሣ። አባትየው ሬጅ ስፕሪግ የሥነ ምድር ሊቅ ነው፤ በ1946 በኤዲያካራ ኮረብታዎች በዓለም ካሉት እጅግ ጥንታዊ የእንስሳት ቅሪተ አካላት መካከል የሚቆጠሩትን ያገኘ። ወጣት ሳለ በፍሊንደርስ ተራሮች ዩራኒየም ፍለጋ ሠርቷል። ሲምፕሰን ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጉ ከአንድ ሺህ በሚበልጡ ትይዩ የአሸዋ ኮረብታዎች የተሸፈነ ነው፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው እያንዳንዳቸውን መውጣትና መውረድ አለበት። በ1936 ቴድ ኮልሰን ከፒተር አይንስ ከተባለ አቦርጂናል ጓደኛው ጋር በግመል አቋርጦታል፤ በ1939 ሴሲል ማዲጋን በግመል ደገመው። በመኪና የሞከረና የተሳካለት ግን አልነበረም። ስፕሪግ ሚስቱን ግሪዘልዳንና ሁለት ትንንሽ ልጆቻቸውን በአንድ ኒሳን ፓትሮል ጭኖ ከምዕራብ ገባና በርድስቪል ወጣ። ከአሸዋው ኮረብታ ግርጌ ፍጥነት አግኝተው ይወረወራሉ፤ ግማሽ መንገድ ደርሰው ይቆማሉ፤ ወደ ኋላ ያንሸራትቱና እንደገና ይወረወራሉ። ግሪዘልዳ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ስለዚያ ሕይወት መጽሐፍ ጽፋለች፤ ርእሱ ራሱ «የአሸዋ ኮረብታ» የሚለው ቃል ስድብ ነው የሚል ቀልድ ነው።

በረሃው ግን ለሁሉ አልራራም። በዓመቱ፣ በ1963 የገና ሰሞን፣ በበርድስቪል መንገድ ላይ አምስት ሰዎች ያሉት አንድ ቤተሰብ መንገድ ስቶ ነዳጅ ጨረሰ። መኪናቸውን ትተው ውኃ ፍለጋ በእግር ሄዱ። አምስቱም ሞቱ። በዚያ ወር በዚያ አገር ያለውን ሙቀት ለመግለጽ ቃል ማብዛት አያስፈልግም። ዛሬ በበረሃው ጫፍ ያለ ፖሊስ ለተጓዥ መጀመሪያ የሚነግረው ከመኪናህ አትራቅ የሚል ነው፤ መኪና ከአውሮፕላን ይታያል፣ ሰው አይታይም።

ቀጣዮቹ ዓመታት በፍጥነት ይነገራሉ። አንድ ነዳጅ ፈላጊ የፈረንሳይ ኩባንያ በ1963 እና 64 ሲምፕሰን ላይ ቡልዶዘር አስገብቶ ቀጥ ያለ መስመር አወጣ፤ «የፈረንሳዮች መስመር» እስከ ዛሬ የካምፐኞች ዋና መንገድ ነው። ነዳጅ አልተገኘም። በ1968 ስፕሪግ አርካሩላ የተባለውን የፍሊንደርስ መሬት ገዝቶ የተፈጥሮ መጎብኛ አደረገው፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ሦስት ሰዎች የካኒንግን የከብት መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በመኪና ነዱ። በ1976 የኤይር መንገድ አስፋልቱ ሞላ። በዓመቱ ሮቢን ዴቪድሰን የተባለች ወጣት አራት ግመሎችና አንድ ውሻ ይዛ ከአሊስ ስፕሪንግስ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ 2,700 ኪሎ ሜትር በእግሯ ሄደች። ከመንገዷ ከፊሉ የቢደል ጋንባረል ነበር። ለሮኬት ተብሎ በተጠረገ መንገድ ላይ፣ የጭነት መኪና ያባረራቸው ግመሎች ተመልሰው መጡ።

አስፋልቱ ግን የቀረውን በረሃ አልነካውም። ቢደል የጠረጋቸው መንገዶች አብዛኞቹ ካለፈ በኋላ ግሬደር አልዞረባቸውም። ዛሬ መንገዱ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተሸብሽቧል፤ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ባሌስትራ ይሰበራል፣ የጣሪያ ዕቃ ይፈታል። ልምድ ያለው ሹፌር የጎማውን አየር ቀንሶ ይገባል፤ ስኮርታው ሁለት ነው፤ ውኃውን በአንድ ጀሪካን አያስቀምጥም፣ ጀሪካኑ ቢቀደድ ሁሉም እንዳይፈስ። የስፒኒፌክስ ሣር ዘር ራዲያተር ይደፍናል፤ ሣሩ በጭስ ማውጫው ላይ ተጠራቅሞ መኪና ያቃጥላል። የተቃጠሉትና የተገለበጡት መኪናዎች ቅሪት በመንገዱ ዳር ቆሟል፤ የመንገድ ምልክት ያህል ያገለግላል። ማታ ሰዉ ሸራ የለበሰ ፍራሹን ዘርግቶ ይተኛል፤ በማለዳ የአሸዋው ላይ ዱካ ሌሊት ማን እንደጎበኘው ይነግረዋል፤ ብዙውን ጊዜ ዲንጎ የተባለው የዱር ውሻ ነው።

በዚህ ዘመን ውስጥ መሬቱም ባለቤቱን እያስመለሰ ነበር። በ1984 ማራሊንጋን የሚመለከት ሕግ ወጥቶ ሰፊው መሬት ለማራሊንጋ ጃሩጃ ሕዝብ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ስለ ኑክሌር ሙከራዎቹ ንጉሣዊ ኮሚሽን ተቋቋመ። ምስክር ሆነው ከተናገሩት አንዱ ያሚ ሌስተር ነው፤ ልጅ ሳለ በ1953 ኢሙ ላይ ከፈነዳው ቦንብ በኋላ የመጣውን ጥቁር ጭጋግ ያየ፣ በኋላም ሁለቱንም ዓይኖቹን ያጣ። ኡሉሩ የተባለው ታላቅ ዓለት በኦክቶበር 26 ቀን 1985 ለአናንጉ ሕዝብ ሲመለስ ለሕዝቡ ካስተረጎሙት መካከል አንዱ እርሱ ነበር። በ1987 ከደቡብ እስከ ዳርዊን ያለው መንገድ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ሆነ፤ በከፊሉ የደተንና የኦንገርን ሽቦ ዳር የሚከተለው ይህ መንገድ ስቱዋርት ሃይዌይ ይባላል። ሌን ቢደል በ1995 ሞተ። በ1999 በበረሃ ተጥሎ ከነበረበት ተነሥቶ የተጠገነውን ሌይላንድ ባጀር የ85 ዓመቱ ቶም ክሩዝ በበርድስቪል መንገድ ላይ እንደገና ነዳው፤ ፖስታም ጭኖ ነበር። ባጀሩ አሁን ከአደሌይድ አጠገብ በርድዉድ በሚገኘው የመኪና ሙዚየም ውስጥ ነው፤ የደተን ታልቦትም እዚያው ነች።

ሌን የተከላቸው የአሉሚኒየም ሳህኖች ብዙዎቹ ተሰርቀዋል። በአንዳንዶቹ ቦታ ምትካቸው ተሠርቶ ተሰቅሏል። ኮኒ ሱ፣ ያቺ በላንድሮቨር ውስጥ የዞረችው ሕፃን፣ አድጋ በአባቷ መንገዶች ላይ ተጓዦችን ስትመራ ቆይታለች።

ዛሬ ሲምፕሰን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ድረስ ለተጓዥ ዝግ ነው። ኡሉሩን መውጣት ከኦክቶበር 26 ቀን 2019 ጀምሮ ተከልክሏል። ጋንባረልንም አን ቢደልንም ለመንዳት ከመሬቱ ባለቤቶች አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። በአን ቢደል መንገድ የሚሄድ ሰው በኢሙ በኩል ያልፋል፤ ቦንቦቹ በፈነዱበት ሥፍራ የጨረር ማስጠንቀቂያ ተተክሏል። ማራሊንጋ የመጨረሻው ክፍሉ በ2014 ተመልሷል፤ ጉብኝቱን የሚያካሂደው ራሱ የማራሊንጋ ጃሩጃ ሕዝብ ነው። ድንኳን የሚተከለው በቀድሞው ወታደራዊ መንደር ውስጥ ሲሆን ቦንቦቹ የፈነዱባቸውን ሥፍራዎች ለማየት የሚኬደው በአስጎብኚው አውቶቡስ ነው፤ በራስ መኪና መዞር አይፈቀድም።